የታረመችው ፊደል

ከሁሉ በፊት ላመስግን። ምስጋና በመጨረሻ ነው የሚመጣው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል፤ እስከ መጨረሻው ስጠብቅ ብረሳውስ? ስለዚህ ያን ቀን ሲወርድ የዋለውን ዝናብ አመሰግናለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ያን ሁሉ ነገር የተናገረውን ፕሮፌሰር ሌያንድሮን አመሰግናለሁ፤ ዛሬም ሳገኘው ጉንጩን እስመዋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አንዲት ፊደል አመሰግናለሁ። የቷ እንደሆነች ትደርሱበታላችሁ፤ አትቸኩሉብኝ።

ባለፉት ሳምንታት ላልነበራችሁ፣ እንዳትደናገሩ ነገሩን ጠቅለል ላድርገው። እኔ ዶሚቲላ ነኝ፤ ሞንቴቪዲዮ፣ ፕራዶ ሰፈር፣ በዶክተሩ ወንድሜ ቤት የምኖር ያላገባሁ እህት። ሥራዬ? የወንድሜን ልጅ ዙሌማን መጠበቅ። ወንድ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሹራቤንና መርፌዬን ይዤ ክፍሉ ጥግ ቁጭ እላለሁ። ዓይንና ጆሮ እሆናለሁ፤ አፍ ግን የለኝም። የወንድሜ ሕግ አንድ ነው፤ ልጅቱ ከወንድ ጋር ብቻዋን ለአንዲት ደቂቃ እንዳትቀር። ያኔ በየጨዋው ቤት እንደ እኔ ያለች አንዲት ዶሚቲላ ነበረች፤ ወንበራችን እንኳ ይታወቅ ነበር።

እንግዳው ኤቫሪስቶ ፒንቶስ ይባላል። የሱፍ መጋዘን ጸሐፊ ነው፤ ከሳልቶ የመጣ የልብስ ሰፊ ልጅ። ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ግን የተጣፈው በሙያ ስለሆነ ቀርቦ ላላየው አይታወቅም። ቀን የጆንያ ክብደት ሲመዘግብ ይውልና ማታ ልቦለድ ይጽፋል። ያውም ምን ዓይነት ልቦለድ! ማንም አይሞትበት፣ ማንም አያገባበት። አንዲት ሴት መስኮት ዳር ተቀምጣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሰው ትጠብቃለች፤ በቃ፣ መጽሐፉ ይኸው ነው። «ከመስኮቱ በስተውስጥ» ብሎታል። ምን ተፈጠረ ብትሉ ምንም አልተፈጠረ። ታዲያ ምኑ ይነበባል ብትሉ፣ ልቧ። አዲሱ አጻጻፍ እንዲህ ነው ይላሉ የተማሩት። እኔም መጀመሪያ ስቄበታለሁ፤ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ምን ልዋሽ።

ዙሌማ የአባቷን የሕክምና ጽሑፍ በታይፕ ስለምትመታ የጽሕፈት መኪናው ቤታችን ነበር። ኤቫሪስቶ በየማክሰኞው በእጁ የጻፈውን ያመጣል፤ እሷ ትመታለች፤ እኔ እሠራለሁ፣ አንዳንዴም ሹራቤ ጭኔ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። በሁለቱ መካከል ከወረቀት በቀር ምንም ሲቀባበሉ አላየሁም። ግን አቀባበላቸው! ወረቀቱን በአንድ ጫፍ እሱ ይዞ፣ በሌላው ጫፍ እሷ ይዛ፣ ማንም አይለቅም። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ክሬ ይወድቅብኛል፤ ለማንሣት ጎንበስ እላለሁ።

የሚዋደዱ መሆናቸውን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። አይናገሩትም እንጂ። የመጋዘን ጸሐፊ የዶክተር ልጅ ፊት ቆሞ «ወደድኩሽ» ቢል ዓይን አውጣ ይባላል። ልጅቱ ቀድማ ብትናገር ደግሞ የምትባለውን እኔ አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ማክሰኞ የመጨረሻውን ገጽ አመጣ። እሷ ስትመታ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮቱ ወደ ግቢው ያያል፤ አንገቱ ቀልቷል። ጨርሳ ሰጠችው። አነበበና ፊቱ ወረቀት መሰለ።

«አርመውታል» አላት።

«ታዲያስ!» አለች ዙሌማ እየሳቀች፤ ደስታዋ እንዳይታወቅባት ስትጣደፍ እኮ ነው የምትስቀው። «እንዲህ ያለ ስህተት እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ? ሰው ቢያየው ምን ይላል?»

«ልክ ነዎት» አለ። «ሰው ቢያየው ምን ይላል።» ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ወጣ። ተመልሶም አልመጣ።

ዓመት አለፈ። መጽሐፉ ታተመ፤ ከተማው አበደ። ትራም ውስጥ ይነበባል፣ ፀጉር ቤት ይነበባል። ለዙሌማ ግን አንድ ቅጂ እንኳ አልላከላትም። «ታይፒስቷ ሥራዋን ጨረሰች፣ ተሸኘች» አለችኝ አንድ ቀን። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እስካሁን ያለው ይኸው ነው። አሁን ወደ ዛሬው እንሂድ።

*

ፕሮፌሰር ሌያንድሮ ዙሌማን ለጋብቻ የሚፈልጋት ሰው ነው። ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል፣ ቤተሰቡ የከብት እርሻ አለው፣ ወንድሜ ገና ስሙ ሲነሣ ፊቱ ይፈካል። መልካም ሰው ነው፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሲናገር የሚሰማው ራሱን ነው። እሁድ ምሳ ላይ መጥቶ የዙሌማን መልስ ሊሰማ ቀጠሮ ተይዟል። መልሱ ደግሞ «እሺ» እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ፣ በንባብ ማኅበሩ አዳራሽ ትምህርት ሊሰጥ ነበር። ርዕሱ «በአዲሱ ልቦለድ ውስጥ የሴትነት ምስጢራዊ ምልክቶች» ይላል። ልቦለዱ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

«ደራሲውም ይገኛል» አለን ረቡዕ ዕለት ቤት መጥቶ። «እድለኞች ነን፤ ዓርብ ጠዋት በባቡር ወደ አርቲጋስ ይሄዳል። ድንበር ላይ የጉምሩክ ሥራ አግኝቷል። እዚያ ከሄደ ደግሞ ማን ይመለሳል?»

ዙሌማ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ ስትቀዳለት ነበር። ውኃው ከጽዋው አልፎ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። «አይ፣ ምንም አይደለም» አለች።

በማግስቱ ስትለብስ ቆሜ አያታለሁ። ግራጫ ቀሚስ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ።

«ይሄ የለቅሶ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የትምህርት ነው አክስቴ። ትምህርት ልንሰማ አይደል የምንሄደው?»

«ሰማያዊውን ልበሺ።»

«ለማን?»

«ለእኔ። ዓይኔ ግራጫ ሰልችቶታል።»

በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። «አክስቴ፣ እሁድ እሺ እላለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሌያንድሮ ክፉ ሰው አይደለም። አባባም ደስ ይለዋል። ብቻ አንድ ጊዜ፣ ከሩቅ ልየው። ከዚያ በኋላ አልጠይቅም።»

ምን ልበላት? እኔም በወጣትነቴ አንዱን ከሩቅ አይቼ በቃኝ ብያለሁ። እንደማይበቃ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግን አፍ የለኝም ብያችኋለሁ። ሰማያዊውን ቀሚስ ከቁም ሣጥን አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁላትና ወጣሁ። ስትወጣ ሰማያዊውን ለብሳለች።

*

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ኤቫሪስቶ ፊት ለፊት፣ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ያው የተጣፈው ኮት ነው የለበሰው። ከተማው ሁሉ ስሙን ይጠራል፣ ኮቱ ግን ገና አልሰማም።

እኛ ስንገባ ቀና አለ። አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ ሰበሩ፤ እኔ ግን በመሃል ቆሜ የሁለቱንም አየሁ። የተናደደ ሰው እንደዚያ አያይም።

ፕሮፌሰር ሌያንድሮ ጀመረ። መስኮቱ ማለት የሴት ልጅ ወሰን ነው፤ ወንድ ውጭ ነው፣ ዓለምም ውጭ ነው፣ ሴት ግን በመስታወት በኩል ብቻ ትኖራለች አለ። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ጀግናዋ ጣቷ ላይ ወደምታጠልቀው፣ መርፌ እንዳይወጋ ወደሚከላከለው ብረት ሄደ። «ይህች ትንሽ ብረት የሴትነት ጋሻ ናት!» ሰው ሁሉ ጻፈ። ከዚያ ወተቱ መጣ። ጀግናዋ ወተት ጥዳ ሐሳብ ይዟት ሲሄድ ይገነፍልባታል። «የታፈነ የሴት ስሜት!» አለ ሌያንድሮ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ።

ከጎኔ ያሉት ሴትዮ አቃሰቱ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወተት ገንፍሎብኛል፤ ምድጃ ከማጽዳት በቀር ምንም ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም።

«መጠበቅ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጠበቅ የሴት ጥበብ ነው። ወንድ ይሄዳል፣ ያደርጋል፣ ይመለሳል። ሴት ግን ትጠብቃለች። ከመጨረሻው ገጽ የበለጠ ሴትነትን የገለጸ ዓረፍተ ነገር በቋንቋችን አልተጻፈም።» መጽሐፉን ገልጦ አነበበ፤ «‹መብራቱን አበራሁ፤ ማንም አልመጣም፤ ብቻዬን ነበርኩ።›»

ጭብጨባው ዝናቡን አስረሳን። ዙሌማ አላጨበጨበችም፤ እጇን ያዝኩት፣ በረዶ ሆኗል።

«ሴኞር ፒንቶስ» አለ ሌያንድሮ ወደ እሱ ዞሮ። «ሁላችንም የምንጠይቅዎት አንድ ጥያቄ ነው። እርስዎ ወንድ ሆነው እንዴት እዚያች ሴት ልብ ውስጥ ሊገቡ ቻሉ?»

ኤቫሪስቶ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ተነሣ።

«አልገባሁም» አለ።

ሰው ሳቀ። «ትሕትና ነው!» አለ ሌያንድሮ።

«ትሕትና አይደለም ፕሮፌሰር። ያነበቡት ሁሉ በጣም ቆንጆ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን የጣቱ ብረት የአባቴ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ከጣቱ አውልቆት አያውቅም። ወተቱም የእኔ ነው፤ የምኖርባት ክፍል ውስጥ እኔ ነኝ የማፈላው፣ ሁልጊዜም ይገነፍልብኛል። መስኮቱ ደግሞ የሱፍ መጋዘኑ መስኮት ነው። የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።»

ሌያንድሮ መነጽሩን አወለቀ። «ታዲያ ለምን ሴት አደረጓት?»

«ወንድ መስኮት ዳር ተቀምጦ ሰው ሲናፍቅ ማን ያነብለታል? ሥራ ፈት ነው የሚባለው። ‹ተነሥና ሂድ፣ ወንድ አይደለህም?› ይባላል። ሴት ስትሆን ግን ሁሉም ያምናል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ስለዚህ ቀሚስ አልብሼ አሳለፍኩት።» ባርኔጣውን አንዴ አዞረ። «አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀሚሱን አውልቄ ነበር። አሁን ያነበቡት ቦታ ላይ። እኔ በእጄ ስጽፈው ‹ሶላ› አልነበረም። ‹ሶሎ› ነበር።»

እዚህ ላይ ላቁም። የኛ ቋንቋ፣ እስፓኝኛው፣ ወሬኛ ነው። «ብቻዬን ነበርኩ» ስትሉ እንኳ ወንድ ናችሁ ሴት ብሎ ሳይጠይቅ አያሳልፋችሁም። ሴት «ሶላ» ትላለች፣ ወንድ «ሶሎ» ይላል። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት። ሐዘናችን ሳይቀር ወይ ሱሪ ወይ ቀሚስ ለብሶ ነው ከአፋችን የሚወጣው። እንግዲህ አስቡት፤ መጽሐፉን ሙሉ ሴት ስትናገርበት ኖራ፣ መጨረሻው ቃል ላይ ወንድ ድምፁን ያሰማል። እኔ ነኝ ይላል። የጠበቅኩሽ እኔ ነኝ።

አዳራሹ ውስጥ መጽሐፍ ሲገለጥ፣ ገጽ ሲገላበጥ ይሰማል። «የእኔው ላይ ‹ሶላ› ነው የሚለው!» አሉ ከጎኔ ያሉት ሴትዮ፣ እንደተጭበረበረ ሰው። «የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማተሚያ ቤቱ ንጹሕ ነው» አለ ኤቫሪስቶ። «በታይፕ የመቱልኝ ሰው አርመውት ነው። ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ልክም ነበሩ፤ ልኬን ያላወቅሁት እኔ ነኝ። እሳቸውን የማመሰግንበት እንጂ የምወቅስበት ነገር የለኝም፤ ያለ እሳቸው ይህ መጽሐፍ አይኖርም ነበር። ነገ ስለምሄድ ነው ይሄን ያልኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

«ስንት ቦታ ነው?»

ማን እንደተናገረ ሳላውቅ ቀና አልኩ። እጄ ውስጥ የነበረው እጅ የለም። ዙሌማ ቆማለች። በዚያ አዳራሽ ሴት ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም፤ ሴት ትሰማለች፣ ታቃስታለች፣ ታጨበጭባለች።

ኤቫሪስቶ ወደ እሷ ዞረ። «አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ሴኞሪታ።»

«እጅዎ አምልጦዎት ነው? ወይስ ሆን ብለው?»

«ሆን ብዬ ነው።» ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። «ያን ገጽ ስጽፍ አንባቢዬ ስንት እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ሰው ብቻ።»

ወይ እኔ! ሌላው ሰው ምን እንደገባው አላውቅም፤ እኔ ግን ያ ማክሰኞ ፊቴ ድቅን አለ። የቀላው አንገት፣ የዙሌማ ሳቅ፣ «እንዲህ ያለ ስህተት» ያለችው። ልጁ በአንዲት ፊደል «እወድሻለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ልጅቱ ፊደሏን አረመቻትና «ሰው ቢያየው ምን ይላል» አለችው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ሹራብ ስሠራ!

«እኔ ... የደከመ እጅ መስሎኝ ነው» አለች ዙሌማ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት፣ ዓመቱን ሙሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ኤቫሪስቶ መቆም አልቻለም። ባርኔጣውን ጭኖ በጎን በር ወጣ። እሷም ተከተለችው፤ ያለ ካፖርት፣ ያለ ጓንት፣ የሰዉን ጉልበት እየገፋች። እኔ ጃንጥላ ፍለጋ ስደናበር ሌያንድሮ መድረኩን ለቆ መጣ፤ የዙሌማን ካፖርት ይዟል። ፊቱ ነጥቷል።

«ይሄን ያልብሱልኝ፣ ብርድ ነው» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው፣ ዶኛ ዶሚቲላ። የሚገርመው ግን እንዲህ ሲሆን መጽሐፉ ይበልጥ ቆንጆ ሆነ። እሁድ ለምሳ እንዳትጠብቁኝ።»

አቅፌ ሳምኩት። ከዚያ ቀን በፊት ነክቼው አላውቅም።

*

የትራም ማቆሚያው ጋ ደረሰችበት። እኔ ጃንጥላና ካፖርቷን ይዤ እያለከለክሁ ስደርስ ሁለቱም በስብሰዋል።

«‹እንዲህ ያለ ስህተት› ብለው ሳቁ» ይላል እሱ። «በጆሮዬ ሰማሁ። እንደኛ ያለው ሰው ሲሳሳት ጨዋ ሰው እንደዚያ ነው የሚያርመው፤ በሳቅ። ነገሩ ገባኝና ሄድኩ።»

«ስለ ፊደሉ ነው የሳቅሁት! ስለ ፊደሉ!» ጮኸችበት። «እኔ ሁሉን አርማለሁ! አባባ የጻፈውን አርማለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ አርማለሁ፣ የሥጋ ቤቱን የዋጋ ሰሌዳ ሳይቀር በጠመኔ አርሜ ባለቤቱ አባሮኛል! ልማዴ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ ደግሞ ልክህን እወቅ ያሉኝ መሰለኝ።»

«አንተን?» አለችው። «እኔ አንተን ልክህን እወቅ ልል?»

አንተ አለችው። መንገድ ላይ፣ በጠራራ ... በጠራራ ዝናብ ልበል፣ እኔ ጎኗ ቆሜ። ያን ሁሉ ማክሰኞ «እርስዎ» ሲባባሉ ከርመው! ኤቫሪስቶ ቃሏን ሰምቶ ልክ እንደተመታ ሰው ደርቆ ቀረ።

«ያን ቀን እኮ እንድትናገር ስጠብቅ ነው የዋልኩት» አለች። «አፉን ይከፍታል፣ አሁን ይከፍታል እያልኩ። አንተ ለካ አንዲት ፊደል ጽፈህ ግቢውን ታያለህ! ሰው በአፉ አይናገርም? እኔ ሴት ነኝ ብዬ ዝም፣ አንተ ድሃ ነኝ ብለህ ዝም። ሁለታችንም ጨዋ እንደሆንን ልንሞት ነበር እኮ፣ ኤቫሪስቶ!»

«ፈርቼ ነው» አለ። «ብትስቂብኝ አልችልም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሳቅሽ።»

እሱም «አንቺ» አላት። በጆሮዬ ሰማሁት፤ የሰፈሩ ቄስ ቢጠይቁኝ እመሰክራለሁ።

«እንግዲያው ዛሬ ሳልስቅ ልናገር።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ነገ አርቲጋስ መሄድ ካለብህ ሂድ። እኔም እመጣለሁ። የጉምሩክ ቤት የጽሕፈት መኪና አያጣም፤ ድንበር ላይ ደግሞ የሚታረም ነገር ሞልቶ ይተርፋል። ታገባኛለህ?»

ጃንጥላው ከእጄ አመለጠ። ሴት ልጅ ጠየቀች! የወንድሜ የዶክተር አራስካኤታ ልጅ፣ የጁላይ አሥራ ስምንት ጎዳና ላይ፣ የመጋዘን ጸሐፊ ለጋብቻ ጠየቀች! ወንድሜ ቢሰማ እዚያው ራሱን ይስታል አልኩ በልቤ። ቀጥሎ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እሰይ! አበጀሽ!

ኤቫሪስቶ አለቀሰ። ፊቱን በባርኔጣው ሊሸፍን ሲል እጁን ያዘችው፤ «ተው፣ ልየው» አለችው። አየችው። ዝናቡና እንባው አይለይም።

«እሺ» አለ።

«እሺ ብቻ?»

«እሺ። እሺ ዙሌማ። እሺ።» ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ ዓመት ሙሉ ሳይስቅ የኖረ ሰው ሳቅ ነበር፣ መጀመሪያ ሳል ነው የመሰለኝ። «እንግዲህ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም መጨረሻው ሊታረም ነው። ‹ሶላ›ም አይሆን፣ ‹ሶሎ›ም አይሆን። ለሁለት ሰው ‹ሶሎስ› ነው የሚባለው።»

ዙሌማ ቅንድቧን ሰበሰበች። «እሱም የወንድ ቃል ነው!»

«ሰዋስው ነው፣ ምን ላድርገው?»

«አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አብረው ሲሆኑ ቃሉ የወንዱ ይሆናል? ሴትየዋ የት ገባች? ይሄን ማነው የጻፈው?»

«አርሚው» አላት። እየሳቀም እያለቀሰም ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ።

እኔ ግን ቃሉ ላይ ቀረሁ። «ሶሎስ።» ሁለት ሰዎች፣ ብቻቸውን። ዕድሜዬን ሙሉ የተቀመጥኩት፣ የበላሁት የጠጣሁት፣ ይህ ቃል እንዳይሆን ነው። ወንድሜ የሰጠኝ ጣሪያ የዚህ ቃል ዋጋ ነው። ነገ ጠዋት ሻንጣሽን ያዢ ቢለኝ የምሄድበት የለኝም፤ ይሄን አውቃለሁ። ግን እነዚህ ልጆች ዓመት ሙሉ የተቃጠሉት ለምን ነው? ያቺ አንድ ቃል በአፍ ያልተነገረችው፣ እኔ ጥግ ላይ ስለተቀመጥኩ አይደለም? ሰው ፊት የማይነገር ነገር ስለሆነ አይደለም በፊደል የተደበቀው?

የፕራዶው ትራም መብራቱን አብርቶ መጣ። ዙሌማ ልማዷ ነውና ክንዴን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«አይ» አልኳት። «እኔ በዚህ እሄዳለሁ። እናንተ በሚቀጥለው ትመጣላችሁ። ወይም ከዚያ በሚቀጥለው።»

«አክስቴ?»

«ካፖርትሽን ልበሺ።»

«አክስቴ ... አባባ እኮ ...»

«ካፖርትሽን ልበሺ አልኩሽ! ደግሞ አንተ፣» አልኩት ኤቫሪስቶን፣ ጃንጥላውን ከመሬት አንሥቼ እጁ ላይ አድርጌ፣ «በአፍህ ተናገር። ሁሉንም። አንዲት ፊደል እንዳትቀር።»

ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። «ዶኛ ዶሚቲላ፣ እድሜ ይስጥዎት» አለኝ፤ የልብስ ሰፊው ልጅ አመራረቅ ያውቃል። ትራሙ ላይ ወጣሁ። በኋላው መስታወት አየኋቸው፤ ጃንጥላው አልተዘረጋም፣ ማንም አላስታወሰውም።

ወንበሩ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ፕራዶ እስክደርስ አለቀስኩ። ሐዘን አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ዕድሜ ለሰጠኝ አምላክ፣ ለሌያንድሮ ጥያቄ፣ ለዚያ ለደፋሩ ልጅ፣ ለዚያች ለደፋሯ ልጅ። ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ። ትኬት ቆራጩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

ቤት ስገባ ወንድሜ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ዝናብ ስለዋለ ቶርታ ፍሪታ የሚሉት የዝናብ ቀን ቂጣ ተጠብሶለት፣ ጣቱ በጮማ ወዝቷል። ቀና ብሎ ከኋላዬ ያለውን በር አየ። ጠበቀ። በሩ አልተከፈተም።

«ዙሌማስ?» አለ። የያዘውን አስቀመጠ። ተነሣ። «ዶሚቲላ! ልጄን ብቻዋን ጥለሻት መጣሽ?»

ዕድሜዬን ሙሉ አፍ አልነበረኝም።

«ብቻዋን አይደለችም» አልኩት።